ወሰኑ የታወቀ ግምት ዕውቀት ነው

በሒሳብ ትምህርት በኩል ያለፈ ሰው ሁሉ፣ ማንም በቃል ሳያስተምረው፣ ከመምህሩና ከመጽሐፉ አንድ እምነት ይወርሳል፤ ይኸውም በሚገባ የተጻፈ ጥያቄ ሁሉ ያማረ መልስ አለው፣ መልሱም በቀመር ይገለጣል፣ በቀመር ያልተገለጠ መልስ ግን ጎደሎ ነው የሚለው እምነት ነው። በምልክት የሚያሰሉ የኮምፒዩተር ሶፍትዌሮች ከመጡ ወዲህ ይህ እምነት ይብሱን ሥር ሰደደ፤ ማቴማቲካን ወይም ሜፕልን የመሰለው መሣሪያ፣ የቀድሞው ተማሪ ሌሊቱን ሙሉ ሲደክምበት ያድር የነበረውን ስሌት በቅጽበት ፈጽሞ ሲያቀርብ ያየ ወጣት፣ መሣሪያው የማይፈታው ነገር መኖሩን ለማሰብ እንኳ ይቸግረዋልና። ከዕለታት አንድ ቀን ግን ያው መሣሪያ የተሰጠውን እኩልዮሽ ምንም ሳይነካው እንደ ተጻፈ መልሶ ያቀርብለታል፤ ወይም መፍትሔ አለማግኘቱን ብቻ ይነግረዋል። በዚህን ጊዜ ብዙው ተማሪ፣ ከተማሪውም ጋር ብዙው ባለሙያ፣ ነገሩ አበቃ ብሎ ብዕሩን ያስቀምጣል። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምፈልገው፣ ዋናው ሥራ የሚጀመረው ከዚያ መሆኑን፣ በቀመር አልገኝ ያለውን በአኀዝ ፈልጎ ማግኘትም የስሕተቱ ወሰን እስከ ታወቀ ድረስ ሙሉ ክብር የሚገባው ዕውቀት መሆኑን፣ ትምህርታችንም ይህን ጥበብ ከዳር ሳይሆን ከመካከል ሊያስቀምጠው የሚገባ መሆኑን ነው።

አስቀድሞ መሣሪያው የሚያቅተው ስለ ምን እንደ ሆነ መረዳት ያስፈልጋል። የሠሪዎቹ ስንፍና ወይም የኮምፒዩተሩ ጉልበት ማነስ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ነገሩ ግን የመጣው ከቁጥር ከራሱ ባሕርይ ነው። ኢጣልያዊው ጂሮላሞ ካርዳኖ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1545 ባሳተመው መጽሐፍ የ3ኛና የ4ኛ ርቢ እኩልዮሾች በቀመር የሚፈቱበት መንገድ ለዓለም በተገለጠ ጊዜ፣ የ5ኛው ርቢ ቀመር የነገ ወይም የከነገ ወዲያ ጉዳይ መስሎ ነበር። ነገር ግን ሊቃውንቱ ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ሲፈልጉት ከኖሩ በኋላ፣ ኒልስ ሄንሪክ አቤል የተባለ የኖርዌይ ወጣት በ1824 እንዲህ ያለ አጠቃላይ ቀመር ፈጽሞ ሊኖር እንደማይችል አስረዳ፤ በ1832 በ20 ዓመቱ በፍልሚያ ቈስሎ የሞተው ፈረንሳዊው ኤቫሪስት ጋልዋ ደግሞ የትኛው እኩልዮሽ በመደመርና በመቀነስ፣ በማባዛትና በማካፈል፣ ሥር በማውጣትም እንደሚፈታ፣ የትኛውም እንደማይፈታ የሚለይበትን ሕግ ትቶ አለፈ። ለምሳሌ 5ኛ ርቢው ከራሱ በ1 የሚበልጥ ቁጥር ፈልጉ ብንባል፣ ጥያቄው ከአንድ መስመር አያልፍም፤ ቁጥሩም በእርግጥ አለ፣ ከ1 ይበልጣል፣ ከ2 ያንሳል፤ ነገር ግን ከእነዚህ ከአምስቱ ሥራዎች የተሠራ ቀመር የለውም፣ ወደ ፊትም አይኖረውም። ምልክታዊው ሶፍትዌር ይህን ሲጠየቅ የሚመልሰው፣ መልሱ የዚሁ እኩልዮሽ መፍትሔ የሆነው ቁጥር ነው ብሎ ነው፤ ይህ ሐሰት አይደለም፣ ዳሩ ግን ጠያቂውን ከነበረበት አንድ ጋት አያራምደውም። በአኀዝ የሚያሰላው ግን 1.1673 ብሎ ይጀምርና እስከ ፈለግነው ድረስ ይቀጥላል። ኮምፒዩተር ከተፈጠረ በኋላም በ1968 ዳንኤል ሪቻርድሰን የተባለ የሒሳብ ሰው፣ ሳይንን፣ ኤክስፖነንሺያልንና መሰሎቻቸውን አደባልቆ የተጻፈ ነገር ከዜሮ ጋር እኩል መሆኑንና አለመሆኑን በማናቸውም ጊዜ የሚለይ አንድ አጠቃላይ ስልት ሊገኝ እንደማይችል አሳይቷል። እንግዲህ መሣሪያው ዝም ሲል ብዙውን ጊዜ የሚነግረን የራሱን ድካም ሳይሆን የነገሩን እውነት ነው።

ነገሩ ከሊቃውንት ጉባኤ ወጥቶ ወደ ገበያ ሲወርድ ደግሞ ይበልጥ ግልጥ ይሆናል። አንድ ሰው 100,000 ብር ተበድሮ ዕዳውን በየወሩ 9,000 ብር እየከፈለ በ12 ወር ሊጨርስ ተዋዋለ እንበል። ጠቅላላው ክፍያ 108,000 ብር ስለሚሆን፣ ተበዳሪውም መካሪዎቹም ወለዱ 8 ከመቶ ነው ብለው ይረጋጋሉ። ነገር ግን ተበዳሪው መቶውን ሺሕ ብር ዓመቱን ሙሉ በእጁ ይዞ አልቈየም፤ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ እየመለሰ ስለ ሄደ፣ በአማካይ በእጁ የነበረው ገንዘብ ከግማሹ ብዙም አይበልጥምና እውነተኛው ወለድ ሌላ ነው። ይህን ወለድ ለማወቅ የሚጻፈው እኩልዮሽ እስከ 12ኛ ርቢ የሚደርስ ነው፤ ለእንዲህ ያለው እኩልዮሽ ደግሞ አጠቃላይ ቀመር እንደሌለ ከአቤል ተምረናል። ታዲያ እህል ሻጭ ሚዛኑ እስኪስተካከል ድረስ እየጨመረና እየቀነሰ እንደሚመዝን፣ እኛም ወለዱን እየገመትን ክፍያውን እንመዝናለን። የወር ወለዱ 1 ከመቶ ቢሆን ኖሮ ወርኃዊው ክፍያ 8,885 ብር ያህል ይሆን ነበር፤ ይህ ከ9,000 ያንሳል። 2 ከመቶ ቢሆን 9,456 ይሆን ነበር፤ ይህ ይበልጣል። እንግዲህ እውነቱ በ1ና በ2 መካከል ነው ማለት ነው። መካከለኛውን 1.5ን ብንሞክር 9,168 ይሰጣል፣ በዛ፤ 1.25ን ብንሞክር 9,026፣ አሁንም በዛ፤ 1.125ን ብንሞክር 8,955፣ አነሰ። በእያንዳንዱ ሙከራ እውነቱ የተሸሸገበት ስፍራ በእኩሌታ እየጠበበ ይሄዳል፤ 10 ጊዜ ያጋመስነው እንደ ሆነም የቀረው ስፍራ መጀመሪያ ከነበረው ከ1,000 አንዱን እጅ እንኳ አይሞላም። በመጨረሻም የወር ወለዱ ከ1.204 ከመቶ እንደማያንስ፣ ከ1.205 ከመቶም እንደማይበልጥ እናገኛለን፤ ይህም በ12 ሲባዛ በዓመት 14 ከመቶ ተኩል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። ተበዳሪው 8 ብሎ የተስማማበት ዕዳ ከ14 በላይ ሆኖ የተገኘው ያለ አንዳች ቀመር፣ በትዕግሥትና በሥርዓት በመሞከር ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ይህ ግምት እንጂ ዕውቀት አይደለም ይል ይሆናል። ነገር ግን የተናገርነው ቃል ምን እንደ ሆነ በጥንቃቄ ይመርመር፤ ወለዱ በ1.204ና በ1.205 መካከል ነው ያልነው እርግጠኛ ሆነን ነው። በፕራግ ካህንና የሃይማኖት ትምህርት መምህር የነበረው በርናርድ ቦልዛኖ በ1817 ባወጣው ጽሑፍ፣ ሳይቈራረጥ የሚለዋወጥ መጠን ከሚያንስበት ስፍራ ወደሚበልጥበት ስፍራ ሲሻገር በእኩልነት ነጥብ በኩል ማለፉ የግድ መሆኑን በአስረጅ አጽንቶታል። የማጋመስ ስልት የቆመው በዚህ መሠረት ላይ ስለ ሆነ፣ የሚሰጠው ወሰን እንደ ማናቸውም የሒሳብ ድንጋጌ የማይናወጥ ነው። አኀዛዊ መልስ ከተራ ግምት የሚለየውም በዚሁ ነው፤ ተራው ገማች ቁጥሩን ብቻ ይናገራል፣ አኀዛዊው ሊቅ ግን ቁጥሩን ከነወሰኑ፣ ወሰኑንም ከነአስረጁ ይናገራል።

በአኀዝ መፈለግ ደግሞ የኮምፒዩተር ዘመን ልጅ አይደለም፤ በዕድሜ ቀመርን ይቀድመዋል። ዛሬ በአሜሪካ በየል ዩኒቨርሲቲ የሚገኝ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1800ና በ1600 መካከል የተጻፈ አንድ የባቢሎን የሸክላ ጽላት፣ ራሱን በራሱ ሲያበዙት 2 የሚሆነውን ቁጥር በስድሳ በስድሳ እየከፈለ 1፣ 24፣ 51፣ 10 ብሎ መዝግቦታል። የባሕረ ሐሳብን ትምህርት ለቀሰመ አንባቢ ይህ አጻጻፍ እንግዳ አይሆንበትም፤ የእኛም ሊቃውንት ዕለቱን በ60 ኬክሮስ፣ ኬክሮሱን በ60 ካልዒት፣ ካልዒቱን በ60 ሣልሲት ሲከፍሉ የሚያሰሉት በዚያው በጥንቱ ሥርዓት ነውና፣ የባቢሎኑን ጸሓፊ ቁጥር 1 ሙሉ፣ 24 ኬክሮስ፣ 51 ካልዒት፣ 10 ሣልሲት ብለው ያነቡታል። ወደ ዛሬው አጻጻፍ ሲመለስ 1.414213 ነው፤ ከእውነተኛው የሚለየው ከሚሊዮን ከአንድ እጅ ባነሰ ነው። ባሕረ ሐሳብ ራሱም ከዚህ ጥበብ ወገን ነው። ንዑስ ቀመር የሚባለው የ19 ዓመት ዑደት 19ኙን የፀሐይ ዓመታት ከ235 የጨረቃ ወራት ጋር ያስማማል፤ ይህ ዑደትና በሰማይ ላይ ያለችው ጨረቃ ግን በፍጹም አይስማሙም፣ በ19 ዓመት ውስጥ የአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ልዩነት ይቀራል። ይህ ልዩነት አንድ ቀን ለመሙላት ከ300 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። የበዓላትና የአጽዋማት ሥርዓት ይህን ያህል ዘመን የጸናበት መሠረት እንግዲህ ለተፈለገበት ሥራ የሚበቃ፣ ጉድለቱም ሊሰፈር የሚችል ግምት ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ነገሬን የሚያስረዳልኝ ግን የፒሳው የሒሳብ ሊቅ የሌዎናርዶ ታሪክ ነው። በንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ ዳግማዊ ዙሪያ ከነበሩት ሊቃውንት አንዱ የፓሌርሞው ዮሐንስ፣ 3ኛ ርቢው፣ የ2ኛ ርቢው እጥፍና የራሱ የቁጥሩ 10 እጅ ሲደመሩ 20 የሚሆን ቁጥር እንዲያገኝለት ጠየቀው። ሌዎናርዶ በ1225 በጻፈው ድርሳን በመጀመሪያ፣ ቁጥሩ ሙሉ ቁጥር ወይም ክፍልፋይ እንዳልሆነ፣ ኤውክሊድ በዐሥረኛው መጽሐፉ ከዘረዘራቸው ከሥር የሚወጡ መጠኖችም አንዱ እንዳልሆነ አስረዳ፤ ይህም በዛሬ ቋንቋ በዘመኑ የታወቀው የምልክት መንገድ መዘጋቱን ማስታወቅ ነው። ከዚያ በኋላ ግን መንገዱ ተዘግቷል ብሎ አልተመለሰም፤ እስከ ስድስተኛው የስድሳ ክፍል ድረስ የደረሰ አኀዝ አቀረበ፣ እርሱም በዛሬው አጻጻፍ 1.3688081 ገደማ ነው። እንዴት እንዳገኘው ባይገልጽም መልሱ የዛሬ ኮምፒዩተር ከሚሰጠው ጋር እስከ ዘጠነኛው ቤት ድረስ ይስማማል። በዘመኑ በታወቁት ሥሮች መልሱ እንደማይገለጥ ማስረዳትና ቁጥሩን ማግኘት በአንድ ሰው እጅ፣ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ የተፈጸሙ ሁለት የዕውቀት ሥራዎች ነበሩ እንጂ፣ አንዱ የሌላው ሽንፈት አልነበረም። በ15ኛው መቶ ዓመት በሳማርቃንድ የነበረው ጀምሺድ አል-ካሺም የ1 ዲግሪን ሳይን ለማግኘት የ3ኛ ርቢ እኩልዮሽ ይዞ፣ ያገኘውን መልስ ወደ እኩልዮሹ እየመለሰ በማጥራት ሠርቷል። ይስሐቅ ኒውተን በ1669 በጻፈው ላይ ደግሞ፣ 3ኛ ርቢው ከራሱ እጥፍ በ5 የሚበልጠውን ቁጥር ከ2 ተነሥቶ፣ ወደ 2.1፣ ከዚያ ወደ 2.0946 እያለ ትክክለኞቹን አኀዞች በእያንዳንዱ እርምጃ በእጥፍ ገደማ የሚያበዛ ስልት አሳየ።

በቀመር የተገኘው መልስ ፍጹም፣ በአኀዝ የተገኘው ግን ቅሪት ነው የሚለው አስተያየትም ሲመረመር አይጸናም። የ2 ስኩዌር ሩት ብለን በምልክት የምንጽፈው፣ ራሱን በራሱ ሲያበዙት 2 የሚሆነው ቁጥር ለማለት የቆመ ስም ነው፤ እንጨት ቈራጩም፣ ሕንፃ ሠሪውም፣ ምድር ለኪውም ሥራውን ሊሠራበት በፈለገ ጊዜ ያ ስም ወደ 1.4142 መለወጡ የማይቀር ነው። ስሙን ለዘመናት ስለ ለመድነው መልስ መሰለን እንጂ፣ ካልኩሌተሩ የሥር ምልክቱን ስንጫን የሚሠራው ያው በአኀዝ የመፈለግ ሥራ ነው። ሌላው ቀርቶ የካርዳኖ መንገድ ለ3ኛው ርቢ በሚሰጠው ቀመር፣ ሦስቱም መልሶች ተራ ቁጥሮች ሆነው ሳለ፣ ስሌቱ ግን ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥርን ሥር በማውጣት በኩል ካላለፈ የማይደረስበት ጊዜ አለ፤ እንዲህ ያለውን ቀመር የተቀበለ ሰው መልሱ 1 ይሁን 100 በዓይኑ አይቶ ሊለይ አይችልም።

ይህን ስል በአኀዝ የተገኘው ሁሉ ይታመን ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም ይህ መንገድ ከቀመሩ ይልቅ ብርቱ ትጋት የሚጠይቅ ነው። የኒውተን ስልት ፈጣን ቢሆንም የመነሻው ግምት ክፉ ከሆነ ያስታል። የአንድ ቁጥር 3ኛ ርቢ ላይ 2 ተጨምሮ የቁጥሩ እጥፍ ሲቀነስ ዜሮ የሚሆንበትን ስንፈልግ ከ0 ብንነሣ፣ ስልቱ ወደ 1 ይልከናል፤ ከ1 ደግሞ መልሶ ወደ 0፤ እንዲህ እያመላለሰ እስከ ዓለም ፍጻሜ ድረስ ቢያሠራን ከመልሱ አያደርሰንም። እንግሊዛዊው ጄምስ ዊልኪንሰን ከ1 እስከ 20 ያሉት ሙሉ ቁጥሮች መልሶቹ የሆኑለትን አንድ የ20ኛ ርቢ እኩልዮሽ ወስዶ፣ በውስጡ ካሉት ቁጥሮች አንዱን ከ8 ሚሊዮን አንድ እጅ በምታህል ኢምንት ለውጥ ቢነካው፣ ከ20ዎቹ መልሶች 10ሩ ከተራ ቁጥርነት ወጥተው ምናባዊ ክፍል ያላቸው ቁጥሮች ሆኑ። በጥያቄው ውስጥ ያለች የአቧራ ቅንጣት መልሱን የምታፈርስበት ጊዜ እንዳለ ከዚህ እንረዳለን። ወሰኑን አለመቈጣጠር የሚያስከትለው ጥፋትም በወረቀት ላይ ብቻ አይቀርም፤ በፌብሩዋሪ 25 ቀን 1991 በሳዑዲ ዓረቢያ በዳሕራን፣ የሰኮንድ ዐሥረኛ ክፍል ፓትሪዮት በተባለው የፀረ ሚሳይል መከላከያ ኮምፒዩተር ውስጥ በሁለትዮሽ አኀዝ ተቈርጦ ስለ ተጻፈ፣ ቅንጣቷ ስሕተት መቶ ሰዓት ያህል በተከታታይ ስትደማመር ቆይታ የሰኮንድ ሢሶ ገደማ ሆነች፤ መከላከያውም የመጣውን ሚሳይል ሳያገኘው ቀርቶ 28 የአሜሪካ ወታደሮች ሞቱ። ስለዚህ ኮምፒዩተር 15 አኀዝ ደርድሮ ባቀረበ ጊዜ የአኀዞቹ ብዛት የእውነት ምስክር አይደለም፤ መልሱ ወደ እኩልዮሹ ተመልሶ ሊፈተን፣ ከሌላ መነሻ ተነሥቶ ሊደገም፣ ወሰኑም ሊነገር ይገባዋል።

ከዚህ በተቃራኒ የሚቀርበውን ክርክር አላቃልለውም። ቀመር የሚሰጠው አንድን ጉዳይ ሳይሆን የጉዳዮችን ሁሉ ሥርዓት ነው፤ ወለዱ ሲጨምር ክፍያው እንዴት እንደሚለወጥ፣ የፔንዱለሙ ገመድ ሲረዝም ጊዜው በምን መጠን እንደሚዘገይ በአንድ እይታ ያሳያል፤ አኀዝ ግን ለተጠየቀው ለአንዱ ጉዳይ ብቻ መልስ ሰጥቶ ዝም ይላል። ስለዚህ ቀመር በሚገኝበት ሁሉ ቀመሩን አጥብቆ መፈለግ ተገቢ ነው፤ ሊያስብ ሰንፎ ወደ ካልኩሌተር የሚሮጥ ተማሪም ሊወቀስ ይገባዋል። ዳሩ ግን በአኀዝ የመፈለግ ጥበብ ከማሰብ የሚያድን አቋራጭ አይደለም። በአኀዝ የሚፈልግ ሰው መልሱን ከመፈለጉ በፊት መልስ መኖሩን፣ ስንት መሆኑን፣ በየትኛው አካባቢ እንዳለም ማወቅ አለበት፤ የሚለዋወጠው መጠን የት እንደሚወጣ፣ የት እንደሚወርድ፣ የትም እንደሚቈረጥ በኅሊናው ሊስል ይገባዋል። ቀመሩን በቃል የያዘ ሰው ምን እንደሚሠራ ሳያስተውል ትክክለኛ መልስ ሊያገኝ ይችላል፤ በአኀዝ የሚፈልግ ሰው ግን ካላስተዋለ ፈጥኖ ይሳሳታል። ማስተዋልን ለማስተማር ከሆነ ዓላማችን፣ የሚያስገድደን መንገድ የትኛው እንደ ሆነ ከዚህ ግልጥ ነው።

ስለዚህ ለትምህርት ጉዳይ ኀላፊዎች፣ ለመምህራንና መጻሕፍትን ለሚያዘጋጁ ሁሉ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በሁለተኛ ደረጃ የ2ኛ ርቢ እኩልዮሽ ቀመር በሚሰጥበት በዚያው ሰሞን፣ የማጋመስ ስልትም ለተማሪው ይሰጠው፤ ይህ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፣ ማናቸውም ሳይንሳዊ ካልኩሌተር ወይም የእጅ ስልክ ይበቃዋል። ኮሳይኑ ከራሱ ጋር እኩል የሆነውን ቁጥር በራዲያን እንዲፈልግ ይታዘዝ፤ ከ1 ተነሥቶ የኮሳይንን ቁልፍ ደጋግሞ ሲጫን አኀዞቹ ወዲያና ወዲህ እያሉ 0.739085 ላይ ሲረጉ፣ ቀመር የሌለው ቁጥር እንዴት እንደሚያዝ በገዛ ጣቶቹ ይረዳል። የፈተና ጥያቄዎችም መልሳቸው እንዲያምር ሆነው ብቻ አይመረጡ፤ ምድር፣ ውኃ፣ ገንዘብና ሰማይ የሚያቀርቡልን ጥያቄዎች እንዲያምሩልን ተመርጠው የመጡ አይደሉምና፣ ባማሩ ጥያቄዎች ብቻ የሠለጠነ ወጣት መሐንዲስ ወይም የባንክ ባለሙያ ሆኖ ሥራ ላይ በዋለ ጊዜ ሶፍትዌሩ ዝም ያለ ዕለት እርሱም አብሮ ዝም ይላል።

ከሁሉም በላይ ግን ፈታኞች የነጥብ አሰጣጣቸውን ቢለውጡ ይበጃል። ዛሬ ተማሪው 1.2 ብሎ ሲጽፍ ከመልስ ወረቀቱ ጋር ይነጻጸርና ልክ ወይም ስሕተት ይባላል። ከእንግዲህ ግን ከመልሱ ቀጥሎ ሁለት ጥያቄዎች ይጨመሩ፤ መልስህ ከምን እስከ ምን ባለው መካከል ነው? ይህንስ በምን ዐወቅህ? ከነጥቡም ግማሹ ለእነዚህ ለሁለቱ ይሁን። ቁጥሩን በትክክል ጽፎ ወሰኑን መናገር ያልቻለ ግማሹን ይጣ፤ ሰፋ ያለ ወሰን ሰጥቶ እውነቱ በዚያ ውስጥ መሆኑን ያስረዳ ደግሞ፣ መልሱ ገና ያልጠራ ቢሆንም እንኳ፣ ዕውቀቱ የት ድረስ እንደሚደርስ ዐውቋልና የድካሙን ያግኝ።